ጓንቱን አውልቅ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ባለቤትህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት ያው እንደምታውቀው ነው፣ ብርድ ሲሆን ይነሳባታል።

ለእህትህ የላክኸውን ቪዲዮ አየነው። እናትህ ስታይህ እልል አለች። «አየኸው ልጄን፣ ጋቢዬን ለብሶ ሲሠራ!» እያለች ስልኩን ለጎረቤቱ ሁሉ ስታዞር ዋለች። እኔ ግን ጋቢው አላስደሰተኝም። እጅህ ላይ ያለውን ጓንት ሳይ ደግሞ ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ልጄ፣ ጓንቱን አውልቅ። እንደ ቶርኖ ያለ እንጨት እያዞረ የሚያስፍቅ ማሽን ፊት በጓንት አይቆምም። ጋራዡ ማሞቂያ እንደሌለው የአክስትህ ልጅ ነግራኛለች፤ የሚኒሶታን ብርድም እንደ ጉድ ታወራዋለች። ቢሆንም አውልቅ። የቀረውን ሁሉ ቀስ ብዬ እጽፍልሃለሁ። ሥራ በዝቶብህ ደብዳቤውን እዚህ ላይ ብታቆመው እንኳ ይችን አንዷን ያዝልኝ።

ገበቴው አምሮብሃል፤ ይህን ሳልል አላልፍም። ሆዱ ከእግሩ ተነስቶ ወደ ከንፈሩ ሲወጣ አንድም ቦታ ላይ አልጎበጠም፣ አልተሰበረም። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከንፈሩ ግን ወፍሯል። እግሩም ሰፍቷል፤ ከገበቴው ስፋት ሲሶውን ያህል ብታደርገው ለዓይን ይቀልላል። ሞተሩን ደግሞ ምን አድርገኸው ነው እንዲያ የሚጮኸው? በስልክ የመጣ ድምፅ ቢሆንም ፍጥነቱ እንደበዛ ገብቶኛል። ልኩ እንዲህ ነው፦ የእንጨቱን ስፋት በኢንች ለካ፣ በደቂቃ ከሚዞረው ዙር ጋር አባዛው፣ ውጤቱ ከ6000 እስከ 9000 ባለው ውስጥ ይደር። የአንተ 12 ኢንች ነው ብለሃል፤ ስለዚህ ከ500 እስከ 750 ዙር ይበቃዋል። ገና ያልተስተካከለ ጉማጅ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ዝቅ በል። ከማስነሳትህ በፊት በእጅህ አንድ ዙር አዙረህ የትም እንደማይነካ እይ። ስታስነሳው ፊት ለፊቱ አትቁም፣ ወደ ጎን ዞር በል። መነጽር ብቻ አይበቃም፣ ፊትን በሙሉ የሚሸፍነውን ግዛ። የተሰነጠቀ እንጨት እንደሆነ አትሰርበት፤ ተበትኖ የሚመጣበትን አታውቅም።

ታውቃለህ፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በአልጋ እግርና በደረጃ መደገፊያ ነው። ገበቴ የሠራሁት ቸርችል ጎዳና ላሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ትዕዛዝ ሲመጣ ነበር። ጠባዩ ለየቅል ነው። የአልጋ እግር ሲሆን የእንጨቱ ጅማት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይተኛልና መሮው ደስ ብሎት ይሄዳል። ገበቴ ላይ ግን ጅማቱ አግድም ነው፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ጫፉን ትገጥመዋለህ። ስለዚህ ውጩን ከእግሩ ወደ ከንፈሩ፣ ውስጡን ከከንፈሩ ወደ መሃሉ ቁረጥ። በተቃራኒው ከሄድክ ጅማቱ ይቦጨቃል፣ ከዚያ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ስታለቅስ ትውላለህ። ቪዲዮው ላይ ከከንፈሩ አጠገብ ሻካራ ቦታ ያየሁት ለዚህ ነው። መሮውን መጀመሪያ ቶርኖው ላይ ያለው የመሮ ማሳረፊያ ላይ አሳርፍ፣ ቀጥሎ የስለቱን ጀርባ እንጨቱ ላይ አስነካ፣ ከዚያ እጀታውን ቀስ ብለህ እያነሳህ ስለቱን አስገባው። በጫፉ ዘለህ አትግባ።

የመጀመሪያው ለምን ተሰነጠቀብኝ ብለሃል። እርጥብ እንጨት ስለጨረስክ ነዋ። እርጥብ ሲሆን ወፍራም አድርገህ ተወው፤ የስፋቱን አንድ አሥረኛ ያህል፣ 30 ሳንቲሜትር ለሆነው 3 ሳንቲሜትር። የጅማቱ ጫፍ የሚወጣበትን ቦታ ሰም ቀባው፣ ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር በወረቀት ከረጢት ክተተውና ከማሞቂያ ራቅ አድርገህ አስቀምጠው። በየጊዜው መዝነው፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። ወራት ይፈጃል። ይጣመማልም፤ ሁለተኛ ስታዞረው የሚስተካከለው ወፍራም ስለተውከው ነው። አንተ ደግሞ ከልጅነትህ ጀምሮ መጠበቅ አታውቅም፤ የገናን ዶሮ ከድስቱ የምትሰርቅ ልጅ።

ዋንዛ ላክልኝ ያልከውን እርሳው። የ1986ቱ የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከዝግባ፣ ከጥድና ከኮሶ ጋር አድርጎ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፤ ገበያ ላይ የሚታየውም ከየት እንደመጣ ሻጩ ራሱ አይነግርህም። ደግሞ ምን አጣህ? እናንተ ጋ አሽ የሚሉት ዛፍ በየመንገዱ እየተቆረጠ እንደሆነ የአክስትህ ልጅ ነግራኛለች። አረንጓዴ ጥንዚዛ ገብቶበት ነው አሉ፤ እንደ እነሱ አቆጣጠር በ2009 እዚያው ሴንት ፖል ላይ ተገኘ። ጠንካራ እንጨት ነው፣ ጅማቱም ያምራል። ጥንዚዛው ከማገዶ ጋር ስለሚጓዝ ግንዱን ሩቅ ቦታ ይዘህ አትሂድ፣ እዚያው ሥራው።

ልጄ፣ ያ ጓንት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

የክርስትና አባትህ ቀኝ እጁን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ እንደማያውቅ ታስታውሳለህ። ትንሽ ልጅ ሆነህ «ለምንድን ነው?» ብለህ ጠየቅኸኝ፤ «ይበርደዋል» አልኩህ። አንተም ካልሲህን አውልቀህ፣ እጁን ይሙቅበት ብለህ ሄደህ ሰጠኸው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፣ ካልሲዋንም ኪሱ ከተታት። ብርድ አልነበረም።

1965 ዓ.ም. ነው። መርካቶ የነበረው ቶርኖ ቤት ውስጥ ሁለታችንም ተለማማጆች ነበርን። አያትህ ሥራውን ስትሰማ «ልጄን ጠይብ ሊያደርጉት!» ብላ አልቅሳለች። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ እናቴ ዘንድ ግን አልደረሰም። አንድ ሞተር በረጅም ቺንጋ ሁለቱንም ቶርኖ ያዞር ነበር፤ ማጥፊያው በሩ አጠገብ ነው። ሐምሌ ነበር። እርጥብ እንጨት ስትፍቅ ውኃው ይረጭብሃል፣ እጃችን ይደነዝዝ ነበር። ከሰልባጅ ተራ አንድ የሱፍ ጓንት ገዛን፤ ገንዘቡን ግማሽ ግማሽ አዋጥተን። አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እኔ እናደርገው ነበር። አለቃችንም አይቶ ምንም አላለ፤ እሱ ራሱ ካፖርት ለብሶ ነበር የሚሠራው።

ያን ቀን የእሱ ተራ ነበር። የአልጋ እግር በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ ነው። ከጓንቱ ጣት ላይ የተተረተረች አንዲት ክር እንጨቱን ነክሶ የያዘው ብረት ላይ ተጠመጠመች። ሰው እጁን ይስባል ብለህ ታስብ ይሆናል። አይስብም፣ ጊዜ የለውም። ባዶ እጅን ቶርኖው ቢነካው ይልጠዋል፣ ይመታዋል፣ ይገፈትረዋል። ጓንት የለበሰን እጅ ግን ከነጣቱ ጠቅልሎ ይወስደዋል። ወደ ማጥፊያው ሮጥኩ። ብታጠፋውም ቺንጋው ወዲያው አይቆምም። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጽፍልህም።

ሦስት ጣቶቹን አጣ። ከቶርኖ ቤቱ ይሄዳል ብዬ ነበር፤ አልሄደም። በግራ እጁ መጻፍ ተማረና ሒሳብ ያዥ ሆነ። እኔ ስሠራ ከኋላዬ ይቆማል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ደንዟል፣ ሳለው» ይለኛል። «አሁን ሳሳ፣ ተው» ይለኛል። ሳየው እውነትም ሳስቷል። ከማውቀው ሙያ ግማሹን ያገኘሁት ከእሱ ጆሮ ነው። የማግስቱ ተራ የእኔ እንደነበር እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። አንተ ስትወለድ ክርስትና የምታነሳልኝ አንተ ነህ ስለው ያቀፈህ በዚያው በቀኝ እጁ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰው ፊት ሲያወጣው አላየሁም።

ይህን ልጽፍ አልነበረም የተቀመጥኩት፤ ስለ ዘይቱ ልነግርህ ነበር።

የወይራ ዘይት ቀባሁት ያልከው አይሆንም። አይደርቅም፣ ውሎ አድሮ ይሸታል። የተልባ ዘይት ፈልግ። የእንጨት ዕቃ መሸጫ ውስጥ «የተፈላ» ተብሎ የሚሸጠው ማድረቂያ ኬሚካል የገባበት ነው፤ ለሚበላበት ዕቃ እኔ ንጹሑን እመርጣለሁ፣ ሳምንታት ቢፈጅም። በስሱ ቀባ፣ የተረፈውን ጥረግ፣ ይድረቅ፣ ድገም። በመጨረሻ ሰም። ከዚያ በፊት ግን በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ቁጥር 120 ጀምረህ በ180፣ በ240፣ በ320 እያልህ ውጣ፤ አንዱን ከዘለልህ የቀድሞው ጭረት ዘይቱ ሲነካው ይወጣብሃል። ቶርኖው እየዞረ ስትጠርግና ስትወለውል ደግሞ ጨርቅ አትያዝ። ወረቀት ያዝ፤ ወረቀት ቢያዝ ተቀድዶ ይቀራል። ጨርቅ ያው ጓንት ነው።

በተልባ ዘይት የራሰውን ወረቀትም ሆነ ጨርቅ ጨምድደህ ጥግ ላይ አትጣል! ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ራሱን አሙቆ ይነዳል። አንድ በአንድ ዘርግተህ ውጭ አድርቀው፣ ወይም ውኃ ባለው ቆርቆሮ ክተተው። ቤቱ በእንጨት የተሠራ ነው ብለሃል፤ ሚስትህም በላይ ተኝታለች።

ማሞቂያ ግዛ። ነበልባል የሚታይበት አይሁን፣ ሰጋቱራ የሞላበት ቤት ነውና። ገንዘብ ካጠረህ ለእኛ የምትልከውን የዚህን ወር አስቀረው፤ ለእናትህ ምክንያት እኔ እፈልጋለሁ። እጅጌው አንጓህ ላይ ጥብቅ ያለ ሹራብ ልበስ፣ ከላይ እጅጌ የሌለው ወፍራም ነገር ደርብበት። ጋቢውን ቤት ውስጥ ልበሰው። የአንገትህን ማተብ ከሸሚዝህ ውስጥ ክተተው። ቀለበትህን አውልቅ፤ ሚስትህ ከተቆጣች ይህን ደብዳቤ አሳያት። እጅህ ሲደነዝዝ ቶርኖውን አጥፍተህ ሻይ ጠጣ፤ ገበቴ የትም አይሄድም። አቧራውንም አትናቀው፣ አፍንጫህን የሚሸፍን ማጣሪያ አድርግ። የእኔን ሳል በስልክ ትሰማው የለ?

ብቻህን ከቪዲዮ አትማር። የአሜሪካ የእንጨት ቶርኖ ሠራተኞች ማኅበር እዚያው ሴንት ፖል ነው ያለው አለችኝ እህትህ፣ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ። ሂድና አንድ ሽማግሌ ፈልግ። ከኋላህ ቆሞ የሚያዳምጥህ ሰው ያስፈልግሃል። ከቶርኖ ላርቅህ ብዬ ነው ትምህርት ቤት ያመላለስኩህ፤ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠህ ባገኘኸው ገንዘብ ዞረህ ቶርኖ ገዛህ። እናትህ ደሙ ነው ትላለች። እኔ ምን እላለሁ። ደስ ብሎኛል፣ ግን ጓንቱን አውልቅ፤ ባወለቅህ ማግስት ባዶ እጅህ የሚታይበት ቪዲዮ ላክልኝ፣ ለእህትህ ሳይሆን ለእኔ።

የክርስትና አባትህ ገበቴውን አይቷል። ስለ ጓንቱ ምንም አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። በማግስቱ ግን የድሮ መሮውን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ፤ የወይራ እጀታ አስገብቼለታለሁ። የአክስትህ ልጅ በወሩ መጨረሻ ስትመለስ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ትይዘዋለች። በሚጫነው ሻንጣ ታድርገው፤ በእጅ ቦርሳ ከያዘችው ቦሌ ላይ ይወስዱባታል። ብረቱ የድሮ ስለሆነ ስትስለው እንዳይግል ተጠንቀቅ፤ ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል፣ ሰማያዊው ፈጽሞ እስኪያልቅ ድረስ ካልሳልከው ስለት አይዝም። አጠገብህ ውኃ አስቀምጥና ቶሎ ቶሎ ንከረው። እዚያ የገዛሃቸውን አዲሶቹን መሮዎች ግን አትንከር፤ እነሱ ሙቀቱን ይችሉታል፣ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ነው የሚሰነጥቃቸው።

አባትህ