የእርዱ እንክብል ሲወደስ ጎመኑ ተዘነጋ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ዕፅዋት የሚያረጅን አእምሮ ስለመጠበቃቸው የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ተስፋውን ከማስረጃው አስቀድሟል የሚል ቅሬታ አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የቺካጎ ጥናት፣ አማካይ ዕድሜያቸው 81 የሆነ 960 አረጋውያንን ለአምስት ዓመት ገደማ ተከታትሎ፣ ቅጠላ ቅጠል በየቀኑ የሚመገቡት የማስታወስና የማሰብ ችሎታቸው ከማያዘወትሩት ይልቅ በዝግታ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይሁንና እንዲህ ያለው ክትትል ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም፤ ጎመን የሚያዘወትር ሰው በሌላውም ነገር ጤናውን የሚጠብቅ ሊሆን ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመውና 604 ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ፣ አእምሮን ለመጠበቅ ታስቦ የተነደፈውንና ቅጠላ ቅጠል የሚበዛበትን የማይንድ አመጋገብ ለሦስት ዓመት የፈተነው ሙከራ በሁለቱ ቡድኖች የአእምሮ ችሎታ መካከል የጎላ ልዩነት አላገኘም፤ እርግጥ ሁለቱም ወገኖች ምግባቸውን እንዲመጥኑ ተመክረው ነበር።

ጽሑፉ አብዝቶ ያወደሰው የእርድ እንክብል ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ቁንዶ በርበሬ መጠኑን ቢጨምረውም፣ ይህ ብቻውን አእምሮን ይጠብቃል አያሰኝም።

እናቴ ጎመኑን ቀቅላ፣ በሁለት እጇ ጨምቃ፣ አረንጓዴውን ውሃ ትደፋው ነበር፤ ከውሃው ጋር ፎሌት የተባለው ቫይታሚን በከፊል ይሄዳል። ሉቲን የተባለው የቅጠሉ ቢጫ ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር ግን በስብ እንጂ በውሃ ስለማይሟሟ በቅጠሉ ውስጥ ይቀራል፤ በኋላ በሽንኩርትና በዘይት ስታቁላላው ደግሞ ሰውነት በተሻለ ሁኔታ ይወስደዋል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን በጎመን ውስጥ ባለው ቫይታሚን ኬ ምክንያት የሚመገቡትን መጠን በድንገት ከመለወጣቸው በፊት ሐኪማቸውን እንዲያማክሩ ዓምዱ ቢያሳስብልን እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢ