ለጤና ሚኒስትሩ፦ የእኔ 140 የሌላው ሰው 140 አይደለም

ክቡር ሚኒስትር፣

አንገቴ ላይ ህብለ ሰረሰሬ ከተጎዳ ወዲህ በዊልቸር ነው የምንቀሳቀሰው። ስለ ራምፕና ስለ ሊፍት ብዙ ተጽፎልዎታል፤ እኔ የምጽፍልዎ ስለ ደም ግፊት ነው።

የዘወትር ግፊቴ 95 በ60 ነው። አንገታቸው ላይ የተጎዱ የብዙ ሰዎች ግፊትም እንዲሁ ዝቅተኛ ነው። ደም ስሮችን የሚያጠብቀው የአንጎል ትእዛዝ ከጉዳቱ በታች አያልፍም፤ የእግር ጡንቻም ደሙን ወደ ላይ አይገፋም። ጠዋት ከአልጋ ወደ ወንበሬ ሲያነሱኝ ዓይኔ ይጨልማል። ወንበሩን ወደ ኋላ ጋደል፣ እግሬን ከፍ ሲያደርጉልኝ ይመለስልኛል። ይሄን ቤተሰቤ ለምዶታል።

የሚያስፈራኝ ተቃራኒው ነው። አንድ ምሽት ጭንቅላቴ እየወቀረኝ፣ ፊቴ ቀልቶ በላብ ተጠምቄ ድንገተኛ ክፍል ደረስን። ነርሷ ለካችኝ፤ 140 በ85። «ብዙም አይደል፣ ጋደም ብለህ ተራህን ጠብቅ» አለችኝ። ቅንነት አልጎደላትም፤ ያስተማራት የለም። አስተኙኝ፤ ባሰብኝ። ደግመው ሲለኩ 190 አልፏል። ሽንቴን ከፊኛዬ የሚያወጣው የካቴተር ቱቦ ጭኔ ስር መታጠፉን ያየው ወንድሜ ነው። ቀና አድርጎ ሲያስቀምጠኝና ቱቦውን ሲያቃናው ሽንቱ ወረደ፤ ግፊቱም ተከትሎ ወረደ። አንድ የታጠፈ ቱቦ!

ኦቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ ይባላል። ስድስተኛው የደረት አከርካሪ ላይ ወይም ከዚያ በላይ የተጎዳ ሰው ላይ ይመጣል። የሞላ ፊኛ፣ የሆድ ድርቀት፣ የአልጋ ቁስል፣ ሥጋ ውስጥ የገባ ጥፍር እንኳ ያስነሳዋል። እኛ ሕመሙ ላይሰማን ይችላል። ከጉዳቱ በታች ያሉት ነርቮች ግን ደም ስሮቹን ያኮማትራሉ፤ «በቃ፣ ላላ በሉ» የሚለው የአንጎል መልእክት አይደርሳቸውም። የላይኛው ቁጥር ከወትሯችን በ20 ከጨመረ ማስጠንቀቂያ ነው። ቶሎ ካልተደረሰበት ስትሮክ ያመጣል፣ ይገድላል።

የምለምንዎ አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ በየድንገተኛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ እግሩን አውርዱ፣ ቀበቶና ልብሱን አላሉ፣ ካቴተሩን እዩ፣ በየ2 እስከ 5 ደቂቃው ለኩት ይበል። ይህ ሁሉ ተደርጎ የላይኛው ቁጥር ከ150 በታች ካልወረደ ሐኪሙ ቶሎ የሚሠራ መድኃኒት ይስጥ። ተረኛ ነርሶችም ይሠልጥኑበት፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ለእኛ ደግሞ የዘወትር ግፊታችን የተጻፈበት ካርድ ይሰጠን። ወንድሜ በእጁ ጽፎ ወንበሬ ኪስ ውስጥ የከተተልኝ አለ። ባለፈው ሳሳይ «ይሄን ማን ጻፈው?» ተብዬ ተመለሰልኝ። ማኅተምዎ ቢኖርበት ያምኑኝ ነበር።