ስለ ዕጢ ሞዴሎች፦ ለቀጣዩ ውይይት

ውድ አባላት፣

በቀጣዩ ስብሰባችን የምንነጋገረው በቤተ ሙከራ ስለሚሠሩ የካንሰር ዕጢ ሞዴሎች ነው። ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤተ ሙከራ የሚራቡት የሄላ ሕዋሳት (ከአንዲት ሴት የማኅፀን በር ካንሰር የተወሰዱ ሕዋሳት) ብዙ አስተምረውናል፤ ነገር ግን በፕላስቲክ ሳህን ላይ ተነጥፎ የሚያድግ ሕዋስ የሌላ ዓይነት ሕዋስ ጎረቤት የለውም። በሰውነት ውስጥ ያለ ዕጢ በፋይብሮብላስት (አያያዥ ሕብረ ሕዋስን በሚሠሩ ሕዋሳት)፣ በደም ሥርና በበሽታ መከላከያ ሕዋሳት የተከበበ ነው፤ ከጎረቤቶቹ አንዳንዶቹ እንዲያውም ያግዙታል።

ሕዋሳቱ ድቡልቡል ክምችት ሲሠሩ ነገሩ ይለወጣል። ክምችቱ ከግማሽ ሚሊሜትር ሲያልፍ ኦክሲጅን እስከ መሐሉ ስለማይደርስ አብዛኛውን ጊዜ መሐሉ ይሞታል፤ ዳር ላይ ያለው ግን መራባቱን አያቆምም። መድኃኒትም ዳር ዳሩን ብቻ ገድሎ ሊቀር ይችላል።

እኔን የሚያሳስበኝ እንዲህ ያሉ ክምችቶች ተቀብረው የሚያድጉበት ጄል ነው። በሰፊው የሚሠራበት ዓይነት ከአይጥ ዕጢ ስለሚወጣ ይዘቱ በየምርት ዙሩ ይለያያል፤ ስለዚህ ውጤታችሁን ስታመጡ የጄሉን የምርት ዙር ቁጥር አብራችሁ ጻፉ።