የአያት ጠመንጃና የዛሬ ጥይት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ደሴ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ከሐይቅ በኩል መጡ። ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ በጋቢ ጠቅልለው ይዘዋል። የመጡት የተሰነጠቀውን ሰደፍ ለማሳደስ ነበር። ዋጋ ተስማምተን ልንለያይ ስንል ከኪሳቸው የአዲስ ጥይት ካርቶን አወጡና «ጃርት በቆሎዬን ጨረሰው። ይሄ ይሆነኛል አይደል? ቤት ሞክሬዋለሁ፣ ልክ ገብቷል» አሉን።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈን ያ «ልክ ገብቷል» ነው። እኛ እንጨትና ብረት እናድሳለን እንጂ ጥይት አንሸጥም። ጥያቄው ግን ከወር ወር ስለሚመላለስ አንዴ ለሁላችሁም እንጻፈው አልን።

የአደን ጥይት አፉ እንደ ቆሎ መጠቅለያ ወረቀት ወደ ውስጥ ታጥፎ ነው የሚዘጋው። ካርቶኑ ላይ 70 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተጻፈው እጥፋቱ ከተዘረጋ፣ ማለትም ከተተኮሰ በኋላ ያለው ርዝመት ነው። ሳይተኮስ ብትለኩት ወደ 60 ይጠጋል። ብዙ የድሮ ጠመንጃዎች ደግሞ ጥይት የሚጎርሱበት ቦታ ርዝመቱ 65 ብቻ ነው። ስለዚህ 70ው ዘው ብሎ ይገባል፣ ጠመንጃውም ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ቃታው ሲሳብ ግን እጥፋቱ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል። አፈሙዙ መጥበብ በሚጀምርበት ላይ ይዘረጋና ማነቆ ይሆናል። እርሳሱ በዚያ ማነቆ ሲያልፍ ግፊቱ ይጨምራል። የእኚህን አባት ጠመንጃ በካሊፐር ለካነው፤ 65። ካርቶናቸውን አነበብነው፤ 70።

«አምና ተኩሼበታለሁ፣ ምንም አላለኝም» የሚለንም አለ። እውነቱን ነው፣ አንዳንዴ ምንም አይልም። ጠመንጃው ተሰብሮ የሚከፈትበት ማጠፊያ ግን በየተኩሱ እየላላ ይሄዳል። የሚቀጥለው ተኩስ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ማንም አያውቅም።

ሌላው የባሩዱ ነገር ነው። ጭስ የሌለው ባሩድ ፈረንሳይ አገር የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት የአደን ጠመንጃ ይሠራ የነበረው ለጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ጭሱ ብዙ፣ ግፊቱ ግን መለስተኛ ነው። የዛሬው መደበኛ 12 ቁጥር ጥይት በአውሮፓ ደንብ እስከ 740 ባር ግፊት ይፈቀድለታል። ረጅሙ ባለ 76 ሚሊ ሜትር ደግሞ እስከ 1,050። የአይሱዙ ጎማ 10 ባር እንኳ አይሞላም፤ ልዩነቱን ከዚህ ገምቱት።

አፈሙዙ ላይ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ መስመር ካያችሁ ደግሞ ቆም በሉ። የደማስቆ አፈሙዝ ይባላል። ቀጫጭን የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች ተጠማዘው፣ በዘንግ ላይ ተጠምጥመው፣ በእሳት እየተቀጠቀጡ የተያያዙ ናቸው። ሲያዩት ያምራል፤ እኛም እንዲህ ያለ ሲመጣልን ሥራ ፈትተን እናየዋለን። ግን እልፍ መጋጠሚያ ነው። ጥቁር ባሩድ የሚተወው ጥቀርሻ እርጥበት ይስባል፤ የደሴ ክረምት ደግሞ የታወቀ ነው። ከላይ የሚያብረቀርቅ አፈሙዝ መጋጠሚያው ውስጥ ዝገት ሲበላው ኖሮ ይሆናል። በዓይን አይታይም። እንዲህ ያለውን አጽድተን ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል እንመክራለን። ሲሰቀል ግርማው አይቀንስም። (ቅቤ የምትቀቡ ሰዎች፣ እባካችሁ። ቅቤ ሲያረጅ ይኮመጥጣል፣ ብረት ይበላል። ቅቤ ለገንፎ ነው።)

12 ወይም 20 የሚባለው የስፋት ቁጥርም ያሳስታል። 12 ቁጥር ከ20 ቁጥር ይሰፋል። የድሮ ሰዎች የቆጠሩት ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ስንት ድብልብል ጥይት እንደሚወጣ ነው። ድብልብሉ ሲበዛ እያንዳንዱ ያንሳል። 20 ቁጥር ጥይት 12 ቁጥር ጠመንጃ ውስጥ ቢገባ አልፎ ወደ ፊት ይቀረቀራል። ሰውየው አልጎረሰም ብሎ 12 ቁጥር ከኋላው ይጨምርበታል። ያኔ ጠመንጃው እጁ ላይ ይፈነዳል። ሁለቱን አንድ ኪስ ውስጥ አትክተቱ፤ ሌላ ምክር የለንም።

አፈሙዙን ፈትተን ከሥሩ ስንገለብጠው ብዙ ጊዜ ማኅተም እናገኛለን። የቤልጅግ ከሆነ እንቁላል በመሰለ ክብ ውስጥ የሊዬዥ ከተማ የፍተሻ ምልክት አለበት። ጠመንጃው ምን ዓይነት ጥይት እንደሚወስድ ለማወቅ ይረዳናል። ማኅተሙ ግን የሚመሰክረው ስለዚያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ በአሸዋ እንደተፈተገ አይነግረንም።

ከእርሳስ ይልቅ የብረት ፍሬ የያዙ ጥይቶችም አሉ። ለድሮ አፈሙዝ አይሆኑም፣ ይፍቁታል። ጽሑፍ የሌለበትን ወይም እንደገና የተሞላ ጥይት ደግሞ ለሠርግም ለለቅሶም አታጉርሱ።

ልኬቱን በነፃ እንሠራለን። ጠመንጃውን ባዶውን፣ ከነፈቃዱ አምጡ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ግዴታ ስለሆነ ያለ ወረቀት የመጣ መሣሪያ አንነካም። ጥይቱ ቤት ይቅር፤ የሚነበበው ካርቶኑ ስለሆነ ባዶ ካርቶኑ ይበቃናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ሠራተኞች