ስኳሩ ከየት መጣብኝ ላልከኝ

ይድረስ ለወንድሜ ለሙሄ፣

እንደምን ከርመሃል? እናትህስ? ልጆቹስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ስንት ዘመን ተጠፋፍተን መልእክትህ ሲደርሰኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ስኳር እንደተገኘብህ ሳነብ ግን ልቤ ተሰበረ።

«አልጠጣ፣ አላጨስ፣ ቀኑን ሙሉ በእግሬ ስዞር የምውል ሰው ከየት መጣብኝ?» ብለሃል። «ሆዱን ስለሚወድ ነው» ያሉህን ተዋቸው፤ እኔ በጣም ነው ያናደዱኝ። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲበረታ እናትህ አንተን አርግዛ ከቆቦ እስከ ኮረም በእግሯ ሄዳለች። የእርዳታ ስንዴ ቆልታ፣ አብዛኛውን ለእህትህ አፍሳ፣ የተረፈውን እያላመጠች እንደሰነበተች ራሷ አጫውታናለች። አንተ ያኔ ሆዷ ውስጥ ነበርክ።

ማህፀን ውስጥ የደረሰ ረሃብ ኋላ ጤና ላይ የሚያመጣው ነገር በደንብ የተጠናው ኔዘርላንድስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1944 ማብቂያ እስከ 1945 ናዚዎች ምግብ እንዳይገባ ዘግተው የምዕራቡን ክፍል ሕዝብ አስራቡ። የአንድ ሰው የቀን ራሽን ከ1000 ካሎሪ በታች ወረደ። በዚያ ረሃብ መሀል የተፀነሱ ልጆች ሲወለዱ ክብደታቸው ደህና ነበር። ከ60 ዓመት በኋላ ደማቸው ሲመረመር ግን ዕድገትን በሚቆጣጠር አንድ ዘረመል ላይ ያለው፣ የዘረመሉን ሥራ የሚገዛው ኬሚካላዊ ምልክት ከረሃቡ ጊዜ ውጪ ከተፀነሱት ከገዛ ወንድምና እህቶቻቸው ሳስቶ ተገኘ። አስበው፣ ያው እናት፣ ያው አባት! እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ሰውነት በምን ፍጥነት እንደሚያረጅ ከደም በሚለካ ዘዴ ታዩ። ረሃቡ ማህፀን ውስጥ ያገኛቸው ፈጠን ብለው እያረጁ ነበር፤ በተለይ ሴቶቹ።

ጽንስ ምግብ ሲያጥረው ያለውን ለአንጎሉ ያደላል። የደም ስኳርን የሚያስተካክለው ቆሽት፣ ኩላሊትም፣ ከድርሻቸው ይጎድልባቸዋል። ልጁ አድጎ እንደልብ መብላት ሲጀምር ያ ቆሽት ስኳሩን መቋቋም ያቅተዋል።

እኛም ዘንድ፣ እዚያው ራያ ቆቦ፣ በዚያ ድርቅ ጊዜ ማህፀን ውስጥ የነበሩ ሰዎች ተጠንተዋል። በቁመት አጠር ብለው ተገኝተዋል። የስኳር፣ የግፊትና የቦርጭ ችግር ተደራርቦ መገኘቱም በእነሱ ላይ በርትቷል።

ዕጣህ ያኔ ተቆርጧል እያልኩህ ግን አይደለም። በዚያው ዓመት ተወልደው ስኳር የሌለባቸው ሞልተዋል። መድኃኒቱም እርምጃውም ለአንተ እንደማንም ሰው ይሠራል። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ቀጠሮህ ሲደርስ ለሐኪሙ መቼና የት እንደተወለድክ፣ እናትህ ምን ላይ እንደነበረች ንገረው። ግፊትህን፣ ኩላሊትህንና ዓይንህን ይይልህ። እህትህም ያኔ ገና ጡት የጣለች ሕፃን ነበረች፤ ምንም ባይሰማት እሷም ትለካ። ይዘሃት ሂድ፣ ብቻዋን እንደማትሄድ ታውቃታለህ።

ውጤቱን እንደሰማህ ደውልልኝ፤ ማታ ማታ ቤት ነኝ። ለእናትህ ጉልበቷን ሳምልኝ።

ወንድምህ