የኬሚስትሪ ክበብ ዘንድሮ፦ እየቀዘቀዘ የሚሟሟው ጨው

ክበባችን ዘንድሮ ብዙ ርዕስ አልነካካም። አንድ ጥያቄ ይዞ ከረመ፤ ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ምን ይሆናል?

የጀመርነው ጥቅምት ላይ በካልሲየም ክሎራይድ ነው። ልጆቹ ውሃው ላይ ጨምረው ሲያማስሉ ቢከሩ ሞቀ። በደብረ ብርሃን ብርድ ይህን የመሰለ ነገር የለም፤ ቢከሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም ደብተራቸው ላይ «ሙቀት ስለሚሰጥ ይሟሟል» ብለው ጻፉ።

ቀጥዬ አሞኒየም ክሎራይድ ሰጠኋቸው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 10 ግራም። ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ ያህል ወረደ። ዱቄቱ ግን ሙልጭ ብሎ ጠፋ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ቢከሩን ጉንጯ ላይ አስነክታ «ቲቸር፣ ሙቀት እየወሰደ ለምን ይሟሟል?» አለችኝ። የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይሄ ነበር።

መልሱን ፍለጋ ወደ ገበታ ጨው ሄድን። የአንድ ሞል (58 ግራም ገደማ) ጨው አዮኖችን፣ ማለትም ቻርጅ ያላቸውን ቅንጣቶች፣ ከክሪስታሉ ለመነጣጠል 787 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልጋል። ውሃ አዮኖቹን ሲከባቸው ወደ 783 ኪሎ ጁል ይመለሳል። የጎደለችው 4 ኪሎ ጁል ከውሃው ሙቀት ትወሰዳለች፤ ውሃው በትንሹ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ጨው ጉድለቱን ችሎ እንዲሟሟ የሚገፋው ኢንትሮፒ፣ ማለትም የመበታተን መጠን፣ ነው። ተደርድረው የነበሩት አዮኖች በውሃው ሁሉ ይበተናሉ። ልጆቹ «ከሰልፍ ወደ እረፍት» ብለው ሰየሙት፤ ወድጄዋለሁ።

እዚህ ላይ ብናቆም ግን ግማሹን ብቻ ይዘን እንቀር ነበር። ጀሶ አለ። ጀሶ፣ ማለትም ካልሲየም ሰልፌት፣ ሲሟሟ ትንሽ ሙቀት ይሰጣል እንጂ አይወስድም። ሆኖም አንድ ሊትር ውሃ ከ2 ግራም ብዙም የሚበልጥ አያሟሟም። የገበታ ጨው ሲሆን 360 ግራም ገደማ ይችላል። ምክንያቱ ውሃው ጋ ነው። ድርብ ቻርጅ ያላቸው አዮኖች በዙሪያቸው ያለውን ውሃ ጠፍረው ይይዙታል። አዮኖቹ ቢበተኑም ውሃው ነፃነቱን ያጣል፤ ድምሩ ሲታይ ኢንትሮፒው ይቀንሳል። ይህን ለመረዳት የካቲትን በሙሉ ወሰደብን። ለእኔ የክበቡ ትልቁ ሥራ እሱ ነው።

በወላጆች ቀን ሁለቱን ቢከሮች ጎን ለጎን አቀረብን። ከመንዝ የመጡ አንድ አባት ቀዝቃዛውን ዳሰው፣ ለከብት ገለባ ዩሪያ ሲበጠብጡ ባልዲው እንዲሁ እንደሚቀዘቅዝ ነገሩን። ዩሪያ ጨው ባይሆንም ነገሩ አንድ ነው። ልጆቹ ከበው በጥያቄ አጣደፏቸው።

በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ሥራችን ዩሪያን በቴርሞሜትር መለካት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ላብራቶሪ እንገናኛለን፤ የ9ኛ ክፍል ልጆችም ኑ።