ለአራት ኪሎ የዮጋ አሠልጣኜና ለጥበቃው ጋሼ፦ የምስጋና መልእክት

በምረቃዬ ቀን ጋዋን ለብሼ፣ ወገቤ ቀጥ ብሎ ከቤተሰቦቼ ጋር ፎቶግራፍ ተነሣሁ። መጋቢት ላይ ግን ከመኝታ ክፍሌ እስከ ቤተ መጻሕፍት ያለችውን አጭር መንገድ እንኳ ሳላርፍ አልጨርሳትም ነበር። ስለዚህ እናንተን በአደባባይ ሳላመሰግን ከአዲስ አበባ መውጣት አልፈለግሁም።

የስድስት ኪሎ ተመራቂ ተማሪ ነበርኩ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ያላለፈ ዲግሪውን አይቀበልም፤ ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። ያ ቁጥር እንቅልፌን ነሣኝ። ተደራራቢ አልጋዬ ላይ ጎብጬ ሳነብ ሳነብ ወገቤ ተያዘ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ «አጥንትሽ ደህና ነው፣ ጡንቻሽ ነው የተኮማተረው፤ ሰውነትሽን አንቀሳቅሺ» አሉኝ። የት ሄጄ፣ በምን ገንዘብ?

በዚያ ሰሞን የኮሪደር ልማቱ የፒያሳንና የአራት ኪሎን መንገድ ቆፋፍሮት ነበርና ከፒያሳ እያረፍኩ በእግሬ ስመለስ ከአንድ ፎቅ ቤት በር ላይ «ዮጋ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ቆሜ ስመለከት ጥበቃው ጋሼ «ምን ትፈሪያለሽ ልጄ፣ ወደ ላይ ውጪ! ጫማሽን ግን ደረጃው ላይ አውልቂ» አሉኝ። ጋሼ፣ ያን ቀን ዝም ብለውኝ ቢሆን ኖሮ አልፌ እሄድ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ወርኃዊ ክፍያው ከቤት ከሚላክልኝ ገንዘብ በላይ ነበር። ይህን ስናገር አንገቴን ደፋሁ። አሠልጣኜ፣ ያን ጊዜ ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ቅዳሜ ቅዳሜ ቀደም ብለሽ ነይና ምንጣፎቹን አብረን እናጥባለን፤ ከዚያ ትሠሪያለሽ።» አብረን ነበር ያሉት፤ እንዳሉትም እጅጌዎን ሰብስበው ከእኔ ጋር አጠቡ። የነዚያ ሰማያዊ ምንጣፎች የሳሙና ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

እናቴ ከደጀን ደውላ «ይህ ነገር ከሃይማኖታችን አይጋጭም ወይ?» ስትለኝ ጭንቀቷ ገብቶኛል፤ እኔም አስቤበት ነበር። አሠልጣኜ፣ ጥያቄዋን ሳደርስልዎ አልተቆጡም። ዮጋ በሕንድ ጥንታዊ መንፈሳዊ ትምህርት ውስጥ የተወለደ መሆኑን ሳይደብቁ ነገሩኝ፤ እዚህ ግን የምንሠራው አካልንና ትንፋሽን ነው፣ ጸሎትሽ የራስሽ ነው አሉኝ። ቃሉ በሳንስክሪት «መጥመድ» ከሚል ሥር እንደመጣም ያስረዱኝ እርስዎ ነዎት። ይህን ለአባቴ ብነግረው፣ ዕድሜውን ሙሉ በሬ ሲጠምድ የኖረ ገበሬ ነውና፣ ስልኩን ከእናቴ ተቀብሎ «ታዲያ ሥጋና ትንፋሽን አንድ ቀንበር ላይ ማዋል ነዋ! ካልተስማሙ እርሻው መች ይሄዳል» አለ። ከዚያ በኋላ እናቴም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «ዛሬስ ሄድሽ?» ትለኝ ጀመር።

ከሁሉ የማልረሳው የመጀመሪያውን ቀን መጨረሻ ነው። በጀርባችን ተንጋለን የምናርፍበትን ሰዓት። ወገቤ መሬቱን ሲነካ አመመኝ፤ ሳልናገር አዩኝ። ጋቢ አጥፈው ከጉልበቴ ሥር አስገቡልኝና «አራት ቆጥረሽ አስገቢ፣ ስድስት ቆጥረሽ አስወጪ፤ ትንፋሽ ሲወጣ ልብም ዝግ ይላል» አሉኝ። እንባዬ በጆሮዬ በኩል ወረደ። ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም፤ አጠገቤ የነበሩት እናት ብቻ እጄን ያዝ አደረጉኝ። ስማቸውን ሳልጠይቃቸው ቀረሁ፤ ይህን ካነበቡ እርስዎንም አመሰግናለሁ።

ሰኔ ላይ የፈተናው ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ እጄ ተንቀጠቀጠ። አራት አስገባሁ፣ ስድስት አስወጣሁ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩ። አለፍኩ።

በአልጋዎቹ መካከል እንድዘረጋ ቦታ ለለቀቁልኝ የክፍል ጓደኞቼም ምስጋናዬ ይድረስ።

አሠልጣኜ፣ ለፈተናው ሳምንት ያዋሱኝ ጋቢ እኔ ዘንድ ነው። አጥቤዋለሁ። ቅዳሜ ምንጣፎቹ ከመታጠባቸው በፊት ይዤው እመጣለሁ፤ እናቴም አብራኝ ናት፣ እጅዎን ልትስም።